ከጭምብሉ ሥር

በያጁና ታናሽ ወንድሙ በአንድ ጣሪያ ሥር እየሠሩ ከተኳረፉ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ታናሽየውን ሰፈርተኛው ቀጮ ይለዋል። ኩርፊያቸው የዋዛ አልነበረም። እናታቸው የታመመች ጊዜ ቀጮ ሩቅ ቦታ ድልድይ እየበየደ ነበር፤ ታላቅየው «ሥራውን ይጨርስ፣ ለምን ላስደንግጠው» ብሎ ደበቀው። ሲመለስ የጠበቀው መቃብር ነው።

ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው የቀረች ቃል አንዲት ብቻ ናት፤ ብየዳው ሊበራ ሲል የሚጮኋት «ዓይን!»። ይቺንም ባይባባሉ ይታወሩ ነበር። ታላቅየውማ የወንድሙን ድምፅ ለመስማት ሲል፣ ደህና የተበየደ በር ነቅሎ እንደገና እንዲበይደው ቀጮ ፊት ያቆመበት ቀን አለ። ናፍቆት እንዲህ ያጃጅላል።

የፀሐይ ግርዶሽ የሆነ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ጥቁር የብየዳ መስታወት ፍለጋ ወርክሾፑን አጥለቀለቀው። ፀጉር ቆራጩ ደንበኛውን ግማሽ ፀጉሩን ቆርጦ ጥሎት መጣ፤ ደንበኛውም ከነፎጣው ተከተለው።

«በየተራ! ዓይናችሁን የምትወዱ በየተራ!» እያለ ታላቅየው ያለውን ሁሉ አደለ። ለራሱ አንድ የብየዳ ጭምብል አስቀረ።

ሁሉም ግቢው ውስጥ እንደ ቆመ ብርሃኑ አመድማ ሆነ። ወፎች ዝም አሉ፤ ሲንጫጫ የነበረው ሰውም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ታላቅየውን ሆድ ባሰው። እናቱ ናፈቀችው፤ ከእሷም በላይ አምስት እርምጃ ርቆ የቆመው ወንድሙ ናፈቀው። ዞር ሲል ቀጮ የራሱን ጭምብል ለሰው ሰጥቶ፣ በባዶ ዓይኑ ወደ ላይ ቀና ሊል ነው።

«ዓይን!»

ቀጮ እንደ ልማዱ ጨፈነ። ታላቅየው ሮጦ የራሱን ጭምብል አጠለቀለትና «አሁን እይ» አለው።

ቀጮ አየ። ብዙ ቆየ።

«እማዬ ጠይቃኝ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

ታላቅየው መዋሸት አማረው። አልቻለም።

«በየቀኑ። ‹ልጄ አልደረሰም?› ትለኝ ነበር። በደልኩህ።»

ፀሐይዋ ጥቂት በጥቂት ሞላች። ሰዉ መስታወቱን እየመለሰ ተበተነ፤ ፀጉር ቆራጩም ደንበኛውን ይዞ ተመለሰ።

«አለቀ እኮ፣ አውልቀው» አለ ታላቅየው።

«ትንሽ ልቆይ፣ ጋሼ» አለ ቀጮ ቁጭ ብሎ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ።

ታላቅየው ሰው እንዳይገባባቸው የወርክሾፑን የግቢ በር ገርበብ አድርጎ አጠገቡ ተቀመጠ።