ንጹህ ቅጂ

«ይሄን ሁሉ ወረቀት የት ላድርገው?» አለች የሟች እህት፤ የታቀፈችው ቁልል አገጯ ድረስ ደርሷል። «ለቀስተኛው መቀመጫ አጣ እኮ።»

«ከፈለግሽ ጣይው» አለች ሚስትየው፣ ቀና ሳትል።

ቁልሉ መጽሐፍ ነጋዴዎች የሚያሳትሙት ካታሎግ ነበር፤ ስለ ጥንት ሳንቲም፣ ስለ ቁፋሮ፣ ስለ ጠፉ መንግሥታት የተጻፉ መጻሕፍት ዝርዝር። ባሏ መጽሐፍ መግዛት ከተወ ዘመን አልፎታል፤ ዝርዝሩን ግን እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር። ምግቡ ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ጣቱ ከመስመር መስመር ይሄዳል።

«በመጽሐፍ አለቀ፣ ምስኪን» አለች አንዷ ጎረቤት በሹክሹክታ። ሚስትየው ሰማቻት፤ አልተቃወመችም።

ታሪክ አስተማሪ ሳለ ግድግዳ ሙሉ መጽሐፍ ነበረው። አንዲት ልጃቸው ስትታመም ለማሳከሚያ መደርደሪያውን አራቁቶ በጅምላ ሸጠው። መጽሐፉም ሄደ፣ ልጅቷም አልተረፈች። ከዚያ ወዲህ ካታሎግ ሲያገላብጥ ባየችው ቁጥር ሆዷ ይሻክራል። አንድ ቀን አላስችል ብሏት «ለልጄስ እንዲህ ብታዝንላት ምናለ?» አለችው። ቀና ብሎ አያትና ወደ ዝርዝሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የልጅቷ ስም በዚያ ቤት ተነስቶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ መጣ። አጎንብሶ እጅ ነሳና አጠገቧ ተቀመጠ።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ። የሰማሁት ዛሬ ነው። ይሄን አስቀምጥልኝ ብለውኝ ነበር» ብሎ በጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ ጭኗ ላይ አኖረላት። «ጋሼ ጉደኛ ሰው ነበሩ። አዲስ ካታሎግ ባወጣሁ ቁጥር ይመጡና 'ልጅ የጫረበት የሳንቲም መጽሐፍ አለህ?' ይሉኛል። ሌላው ንጹህ ይፈልጋል፣ እሳቸው የተበላሸ። በርካሽ ሊገዙ ነው እል ነበር በሆዴ።»

«ማን የጫረበት?»

«ልጅ። በእርሳስ።»

ልጅቷ አፏን ሳትፈታ ጀምሮ አባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ የሳንቲሞቹን ሥዕል በእርሳስ ትከብባለች፤ በላያቸው ለተቀረጹት ነገሥታትም ጥርስ ታወጣላቸዋለች። እናትየው «ኧረ መጽሐፉን ጨረሰችው» ስትል፣ እሱ «ተያት፤ እነዚህ ሰዎች ሲስቁ ገና ዛሬ ነው» ይላል።

«ይሄኛውን በምን አወቀው?» አለች።

«ካታሎጉ ላይ 'ጀርባው በሰማያዊ ጨርቅ የተጠገነ፣ ውስጡ ንጹህ' ብዬ ጽፌ ነበር። እሱን አይተው እያለከለኩ መጡ።»

ሰማያዊው ጨርቅ የልጅቷ ቀሚስ ቁራጭ ነበር። መጽሐፉ ጀርባ ላይ የሰፋችው ሚስትየው ራሷ ናት።

«እያገላበጡ እስከ መጨረሻው አዩት። 'አልተጫረበትም' አሉኝ። 'ተጭሮበት ነበር፣ ጋሼ፤ እኔው ነኝ ቅጠል በቅጠል በላጲስ ያጸዳሁት፣ ምልክቱ እንኳ የለም' አልኳቸው። 'ጎበዝ፤ አስቀምጥልኝ' ብለውኝ ወጡ። በዚያው ቀሩ።»

ያን ቀን ነበር ባሏ ከውጭ ገብቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛው። ከዚያ አልጋ አልተነሳም።

ሚስትየው ሻጩን አየችው። በሥራው የኮራ፣ ምንም የማያውቅ ፊት ነው።

«ደክመህበታል፣ ልጄ» አለችው። «እግዜር ይስጥልኝ።»

እሱ ሲሄድ ጋዜጣውን ፈታ መጽሐፉን ገለጠች። ነገሥታቱ አፋቸውን ገጥመው ተኮሳትረዋል። አንዲት ጭረት የለችም። ቅጠሎቹ በተሰፉበት ስንጥቅ ውስጥ ብቻ የላጲስ ፍርፋሪ ቀርቷል፤ እርሳሱን የጠጣ፣ አመድማ ፍርፋሪ።

የሟች እህት ጎንበስ ብላ አየች። «ቆሻሻ ይዟል፤ አምጪው ላራግፈው።»

ሚስትየው የተዘረጋውን እጅ በክንዷ መለሰችው። ከዚያ ፍርፋሪው እንዳይፈስ መጽሐፉን ጋደም እንዳለ፣ ቀስ አድርጋ ከደነችው።