ከፎቶው ሥር የበራው ሻማ

መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። እዚሁ እስራኤል፣ ቤርሼባ የተወለደችው ልጄ ኦርታል ግን አታውቅም፤ ብታውቅም ነገሬ አትለውም።

ዓርብ ከሰዓት የማንአለብሽ ባል ከጎንደር ደወለልኝ። ማንአለብሽ የታላቅ እህቴ የእማዋይሽ የበኩር ልጅ ናት። እናቷ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ እስራኤል ስትመጣ ልጅቱ ባል አግብታ ስለነበር ፋይልሽ ለብቻው ይታያል ተብላ ቀረች። ይታያል እንደተባለ ቀረ። ባልየው "ጋሼ ታየ፣ ኩላሊቷ ጨረሳት። ዛሬ ቀበርናት" አለኝ። ለእናቷ አልደወለም፤ ወግ የሚያውቅ ሰው ነው።

ወዲያው ሽማግሌዎቹን አነጋገርኩ። ሰንበት ሊገባ ሰዓታት ቀርተውታል፣ በሰንበት ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም። እሁድ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ታላቁን አባባ አለነን አስቀድመን ሽኩና ዳሌት የሚባለው ሰፈር ያለውን ቤቷን ልናንኳኳ ተስማማን። እስከዚያ እህቴ ሰንበቷን በሰላም ታሳልፍ አልን።

ለኦርታልም ነገርኳት። ያክስቷ ልጅ ናትና መስማት ይገባታል ብዬ ነው። ሳልጨርስ ማልቀስ ጀመረች። በአካል አይተዋወቁም፣ ልጄ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በስልኳ ስትጮህላት ኖራለች። ከጓደኛዋ ከአቪሻይ ጋር ሆነው ጎንደር የቀሩትን ዘመዶች ፎቶ የሚለጥፉበት የፌስቡክ ገጽ አላቸው። አንዱ ወደ እስራኤል እንዲገባ ሲፈቀድለት ፎቶው በልብ ታጅቦ ይወጣል፣ እናቶችም እየተላላኩ ስልኩን ይስሙታል። የሚፈቀድለት ግን በዓመት አንድ ሰው ቢሆን ነው። የቀረው ጩኸት ብቻ ነው።

እማዋይሽ ሰንበት ሳይወጣ ስልክ አትነካም። ወደ ይሁዲነት ከተመለሰች ወዲህ ከራቢዎቹ ብሳ ጠንቃቃ ሆናለች። ቅዳሜ ማታ ከዋክብቱ እንደታዩ ደወለችልኝ። ስልኩን ሳነሣው እልልታዋ ጆሮዬን ሞላው።

"ታየ፣ ስለቴ ደረሰልኝ" አለች። "ማንአለብሽን አየኋት። ሻማ አብርተውላታል፣ ልቡማ ማለቂያ የለውም። ፈቀዱላት አይደል?"

ስልኩን ሳልዘጋ ገጹን ከፈትኩ። ማንአለብሽ በቢጫ ሻሽ ፈገግ ብላለች። ከሥሯ አንድ ሻማ በርቷል፣ ከሻማው ሥር ደግሞ በዕብራይስጥ "ስትጠብቅ ሞተች" ይላል። እዚህ አገር ከሰው ፎቶ ሥር ሻማ ከበራ ያ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እህቴ ግን ያደገችው ጎንደር፣ ቤተ ክርስቲያን ጥግ ነው። እዚያ ሻማ ይዞ የሚሄድ ስለቱ የደረሰለት ሰው ነው። ዕብራይስጡን አታነብም። ሻማውን አነበበች።

ምን ልበላት? እውነቱን ብናገር ብቻዋን ባለችበት መርዶ በስልክ ሊሆን ነው። አዎ ብላት ደግሞ ነገ ጠዋት በምን ዓይኔ አያታለሁ? "በጠዋት እመጣለሁ፣ እታለም" አልኳት።

"ና። ሰው ሰብስበህ ና" አለችኝ።

ኦርታል ክፍሏ ውስጥ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች።

"አጥፊው" አልኳት።

"አባ፣ ባጠፋውም ለውጥ የለውም። ሰው ሁሉ ወስዶታል።"

"እናቷ አይታዋለች። ተፈቀደላት ብላ እልል እያለች ነው።"

ከስልኳ ቀና አለች። "ዶዳ ማንበብ አትችልም ብዬ ነበር" አለች፤ አክስቷን ዶዳ ነው የምትላት።

"አትችልማ።"

እንባዋን ጠረገች። "አርባ ሺህ ሰው አይቶታል፣ አባ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ለነገ ሀፍጋና፣ ሰላማዊ ሰልፍ ጠርተናል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት። ሁሉም እመጣለሁ ብሏል። አሁን ዝም ካልኩ በከንቱ ሞተች ማለት ነው።"

በጣም ተናድጄባታለሁ፤ አሁንም አልበረደልኝም። ግን በከንቱ አልሞተችም የሚያሰኝ ነገር ከእኔም ዘንድ አልነበረም።

ጠዋት እማዋይሽ በሩን የከፈተችው የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ነው። ከጀርባዋ ሶፋው ተዘርግቶ አዲስ አንሶላ ተነጥፎበታል። ሌሊቱን የልጇን መኝታ ስታሰናዳ አድራለች።

"ግቡ፣ ግቡ" አለች። ማንም አልገባም። አባባ አለነን አየች። ከዚያ ነጠላችንን አየች፤ ሁላችንም ጥለቱን ወደ አንገታችን አዙረን ነበር የለበስነው። ያንን ማንበብ ትችላለች።

"ልጄ፣ እማዋይሽ..." ብለው ጀመሩ አባባ አለነ።

እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች። "ሻማውስ?" አለችኝ።

ልደግፋት ስጠጋ ደጁ ላይ ወደቀች። ጩኸቷን ሰምተው ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ወረዱ።

ወደ ማታ ኦርታልና አቪሻይ ከሰልፉ ወደ ለቅሶው ቤት መጡ። አቪሻይ የተጠቀለሉትን መፈክሮች በብብቱ ይዟል፤ አብዛኞቹ አልተፈቱም። ማን መጣ ብዬ ጠየቅሁት። እናቱና ሁለት የክፍል ጓደኞቻቸው፣ የሚጠብቋቸው ፖሊሶችም ነበሩ። ሌላው ሰው ከቤቱ ሆኖ ደግፏቸዋል።

እህቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ድምፅዋ ዘግቷል። ስልኳን ለኦርታል ዘረጋችላት።

"ልጄ፣ ዛሬም መልእክት ይልካሉ። ምን እያሉኝ ነው? አንብቢልኝ።"

ኦርታል አጠገቧ ተንበረከከች። በተሰባበረ አማርኛዋ እያንዳንዱን ማንበብ ጀመረች። "ልባችን ካንቺ ጋር ነው ይላል። ይሄም ልባችን ካንቺ ጋር ነው። ይቺም አብረን እናለቅሳለን ትላለች።"

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት?"

"ሁሉም፣ ዶዳ።"

እማዋይሽ ቀና ብላ ለለቅሶተኛ ብለን ከምኩራቡ ተውሰን በግድግዳው ዙሪያ የደረደርናቸውን የፕላስቲክ ወንበሮች አየች። እኛ ዘመዶቿና ጥቂት ጎረቤቶች የተቀመጥንባቸው ጥጉን እንኳ አልሞሉትም። በእኛ ወግ ያዘነ ሰው ይመጣል፣ ቁጭ ይላል፣ ምንም ባይናገር አጠገብህ ያድራል።

"ታዲያ የት ናቸው?" አለች።

ኦርታል ስልኩን ፍራሹ ላይ በፊቱ ደፋችው፤ እዚያም ሆኖ መንቀጥቀጡን አላቆመም።