የጋሽ ሙሜ ቀኝ ዓይን

የሰው ዓይን ያጠፋ ይታሰራል። እኔ ግን ደመወዝ ተጨምሮልኛል።

በ1980 ዓ.ም. አሰበ ተፈሪ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ። ጋሽ ሙሜ ከቦኬ ጫት አምጥተው መንገድ ዳር የሚያስጭኑ፣ ከሾፌር ጋር በአማርኛ ተከራክረው የሚረቱ ሰው ናቸው። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ግን አማርኛውን ይተዉታል፤ የገላ ነገር በእናት ቋንቋ ነው ይላሉ። ስለዚህ አስተርጓሚያቸው እኔ ብሩ ነበርኩ።

ግራ ዓይናቸው በአንድ ሳምንት ሕመም ጠፋ። ውስጡ ያለው ውሃ መውጫ አጥቶ ግፊቱ ነርቩን ገደለው። ቀኙም በዚያው መንገድ ላይ ስለነበር አዲስ አበባ ያሉት ዶክተር ዘርፈሽዋል በሌዘር ሊያድኑት ቀጠሮ በደብዳቤ ሰጡን። በደብዳቤው መጨረሻ ለእኔ የተጻፈች አንድ መስመር ነበረች፦ ጫት ብሌንን ስለሚከፍት ሦስት ቀን ቀድመው እንዲያቆሙ፣ ኃላፊነቱም የእኔ እንደሆነ።

ሁለቱን ቀን ጠበቅኳቸው። በሦስተኛው፣ በቀጠሮው ዕለት ጠዋት፣ መርካቶ አልጋ በያዝንበት ቤት ጋሽ ሙሜ ራሳቸውን በሻሽ አስረው ቁጭ አሉ። የጫት ሐራራው ጠንቶባቸዋል። አዘንኩላቸው ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን የእኔም አፍ ደርቆ ነበር። ወጥቼ አንድ እስር ገዛሁ። ትንሽ ምን ያደርጋል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለስላሳውን ቅጠል መርጬ ጀባ ያልኳቸውም እኔው። ቀጠሮው ለስምንት ሰዓት ሆኖ እስከ ስድስት ሰዓት ቃምን።

ዶክተር ዘርፈሽዋል ትዕግሥተኛ ሴት ናቸው። በጋሽ ሙሜ ዓይን ላይ ብሌን የሚያጠብ ጠብታ ጨምረው እስኪሠራ ድረስ ነገሩን አስረዷቸው፤ እኔም ተረጎምኩ። ይህ የሌዘር ብርሃን እንደ ባትሪ ዝም ብሎ አይበራም፣ በምት በምት ነው የሚወጣው፤ አንዱ ምት ከጥቅሻ እጅግ ያጥራል። እጅዎን በሻማ ላይ ፈጥነው ቢያሳልፉት አይፈጅዎትም፣ ቢያቆዩት ያቃጥልዎታል። ምቱም ያረፈባትን ነጥብ ብቻ በስቶ፣ ሙቀቱ ወደ ጎረቤቱ ሥጋ ሳይዛመት ያልቃል። ብሌኑን በከበበው ባለ ቀለም ስስ ሥጋ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ከወጣች ውሃው በእሷ ይፈስሳል። ጋሽ ሙሜ አላህ ይርዳዎት ብለው ሳቁ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ብሌኑ ግን በጠብታው አልጠብ አለ። ብሌን ተከፍቶ ከቀረ ደግሞ ያ ስስ ሥጋ ወደ ዳር ተሰብስቦ ይወፍራል፤ ምቱ ዘልቆ አይበሳውም። ዶክተሯ ወደ እኔ ዞሩ።

“ጫት ቅመዋል? ጠይቃቸው። ቅመው ከሆነ ከነገ ወዲያ እንሠራዋለን።”

በኦሮምኛ ጠየቅኳቸው። ጋሽ ሙሜ ሳያመነቱ “ኤዬ” አሉ፤ አዎ ማለታቸው ነው፣ ዶክተሯ ግን ኦሮምኛ አይሰሙም።

ያቺ የደብዳቤ መስመር ፊቴ ተደቀነች። ለአለቃዬ ቢጽፉስ? በዚያ ላይ እኔም ራሴ መቃሜ ከፊቴ የሚነበብ መሰለኝ።

“አልቃሙም ይላሉ” አልኩ።

ጋሽ ሙሜ ቀና ብለው አዩኝና ዝም አሉ።

ዶክተሯ ጠብታውን ደግመው ጠበቁ፤ በመጨረሻ መሣሪያውን ለኮሱት። ምቱ ጠ፣ ጠ፣ ጠ እያለ ወረደ። ሥጋው አልተበሳም፤ የደም ሥር ተነክቶ ዓይኑ ውስጥ ደም ጋረደና ሥራው ቆመ። በወሩ ተመለሱ ተባልን። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሕመሙ ተነሣባቸው፤ መኪና አግኝተን አዲስ አበባ ስንደርስ ነርቩ ሞቷል። ዶክተር ዘርፈሽዋል “ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መታገሥ ነበረብኝ” አሉ። እሱንም ቆሜ ሰማሁ። አፌን ጭቃ ይሙላው።

ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ቤታቸው እሄዳለሁ። ጫቱን ዛሬ ልጃቸው ረዲያ ናት የምታስጭነው። እጃቸውን ይዤ መስጊድ በር አደርሳቸዋለሁ፤ ክሊኒኩ ለበሽተኛ ተቆርቋሪ ብሎ ደመወዝ ጨመረልኝ፤ ያየኝ ሁሉ ደግ ሰው ይለኛል። ምነው ባልሰማሁ እላለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አልመልሰው ነገር። አንድ ጥያቄ ብቻ ሲበላኝ ኖረ፦ አማርኛውን ያውቃሉ፣ ያኔ ሰምተውኝ ነበር ወይ?

ባለፈው ዓርብ ከሶላት ስመልሳቸው አልቻልኩም። ደጃፋቸው ላይ አስቀምጫቸው ሁሉንም ነገርኳቸው።

“ሰምቼ ነበር” አሉ። ስለ ዓይናቸው በአማርኛ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው።

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን እስኪያገኙ ዳበሱ።

“አንተ የሕክምና ሰው ነህ” አሉ። “ለዓይኔ የሚሻል ነገር አውቆ ነው ብዬ።”