ሐጂ ሙሐሲን ያስማሉኝ ቀን

ኢንተርኔት በሽቦ ብቻ በሚመጣበት ዘመን እኔ ተፈላጊ ሰው ነበርኩ። መሥሪያ ቤታችን ካዛንቺስ ነው፤ ለሱቆች የዕቃና የሽያጭ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እንሠራለን። ሽቦው ዝናብ ሲጥል ይሞታል፣ መንገድ ሲቆፈር ይሞታል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በታደሰ ቁጥር አዲሱን በፍላሽ ይዤ ከሱቅ ሱቅ የምዞረው እኔ ነበርኩ። እጭናለሁ፣ አስተምራለሁ፣ ምሳ ሰዓት ከደረሰ "ጀማነሽ፣ ሳትበዪማ አትሄጂም" እባላለሁ። ደንበኞቻችን የገዙት ፕሮግራሙን ይሁን እኔን፣ አለቃዬ ኃይለማርያምም ለይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ ኢንተርኔቱ ሽቦውን ጥሎ በአየር መጣ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። ነጋዴው ሁሉ ስልኩ ላይ ፈጣን ኢንተርኔት ሲያገኝ፣ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ የስልክ ፕሮግራሞች ገበያውን ወረሩት። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ይከዱን ጀመር። ኃይለማርያም ከሳ። ሌላ ምርጫ አልነበረውምና የእኛንም ፕሮግራም ወደ ስልክ አዞረው። አሁን ራሱ በአየር ይታደሳል፤ ሲበላሽም ፕሮግራም ሠሪዎቹ ልጆች ቢሮ ቁጭ ብለው ያስተካክሉታል። እንደ እኔ ይዞር የነበረው ዲሪባ ባለፈው ክረምት ተሰናብቶ ታክሲ ይነዳል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የቀረሁትም በሐጂ ሙሐሲን ምክንያት ነው።

ሐጂ ሜክሲኮ አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣሉ። ወደ ስልኩ አልሻገርም ብለዋል፤ እሳቸው እንቢ ስላሉ ደግሞ የመደዳው ነጋዴ ሁሉ እንቢ ብሏል። እዚያ መደዳ ላይ ሰው ዕቃ የሚያመጣውም ልጅ የሚድረውም ሐጂን አማክሮ ነው።

"ጄሚ" አለኝ ኃይለማርያም ሰኞ ጠዋት፣ "ለእነሱ ብዬ የድሮውን ሲስተም ማቆየት አልችልም። በቃ፣ ሐጂን አሳምኚልኝ። ከአንቺ ሌላ ማንንም አይሰሙም።"

"ካሳመንኳቸው በኋላስ እኔ ምን እሠራለሁ?"

"እናያለን።"

እናያለን! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ለዲሪባም "እናያለን" ነበር ያለው። ልጮህበት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዓይኑ ስር የጠቆረውን አይቼ ተውኩት።

ከሰፈሩ ፈረሳ በተረፈችው መንገዳችን ወደ ታክሲ ስወርድ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም። ሄጄ ለስለስ ብዬ "እንደፈለጉ ሐጂ" ብል እሳቸው እንቢ ይላሉ፣ መደዳው እንቢ ይላል፣ የእኔም እንጀራ አይቋረጥም። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ባል የለኝም። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ?

ሱቅ ስደርስ ሐጂ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጠው ያበጠ ጉልበታቸውን ካርቶን ላይ ዘርግተዋል። ልጃቸው አዚዛ ገዢ ታስተናግዳለች።

"መጣሽ?" አሉኝ። "የላኩሽ ለዚያው ለስልኩ ነው?"

"ለዚያው ነው። ግን እንደፈለጉ ሐጂ።"

"እንዴት እንደፈለጉ!" አዚዛ ገዢዋን ትታ መጣች። "ጀማነሽዬ፣ እስቲ አንቺ ንገሪው። ሐኪሙ በዚህ ጉልበት ከቤት አትውጣ ብሎታል። ማለቴ፣ ኮምፒውተሩ እዚህ ስለሆነ ብቻ እኮ ነው በየቀኑ እየተጎተተ የሚመጣው። ስልኩ ላይ ቢሆን ቤቱ ጋደም ብሎ ሁሉንም ያያል።"

ሐኪሙ እንዲህ ማለቱን እስከዚያች ሰዓት አልሰማሁም ነበር።

"እኔ ስልክ አልፈራሁም" አሉ ሐጂ። "ያኔ ኮምፒውተሩን ቫይረስ በልቶት የዕቃዬ መዝገብ ሲጠፋ፣ ከመደርደሪያው እያንዳንዷን አምፖል ቆጥራ የመለሰችልኝ ይህች ጀማነሽ ናት። አየር ላይ ያለው ሲጠፋ ማን ይቆጥርልኛል?"

እባብ ያየ በልጥ በረየ። "እውነትዎን ነው" ብዬ ዝም ብል ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ ምን ትያለሽ? ይሄ ነገር ለእኔ ይሻለኛል? ወላሂ በይ አልልሽም። በማርያም በይ።"

ይህን ሁሉ ዓመት አስምለውኝ አያውቁም። እኛ ቤት ደግሞ በማርያም መማል ጨዋታ አይደለም፤ እናቴ ለአንዲት የሐሰት መሐላ ስንት ቀን እንዳኮረፈችኝ እኔ ነኝ የማውቀው። በኃይለማርያም ተናደድኩ፣ በአዚዛ ተናደድኩ፣ በሐጂም ተናደድኩ። ሌላ ነገር ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? ካርቶኑ ላይ ያለውን ጉልበት አየሁት።

"በማርያም፣ ለእርስዎ ይሻላል" አልኩ።

ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። ስልካቸውን ሰጡኝ፣ ጫንኩላቸው፤ "ቢስሚላህ" ብለው የመጨረሻዋን ቁልፍ ራሳቸው ነኩ። የሱቁ ዕቃ ሁሉ ስልካቸው ውስጥ ተደርድሮ ሲያዩት እንደ ልጅ ሳቁ። አዚዛ በር ላይ ወጥታ "አባቴ ተሻግሯል! ጀማነሽ ምላለታለች!" ብላ ስትጣራ፣ የመደዳው ነጋዴ ስልኩን እየያዘ መምጣት ጀመረ። ለሁሉም ጫንኩላቸው። እጄ ሥራውን ለምዶታልና እኔን አልጠበቀኝም።

ስጨርስ ቦርሳዬን አነሳሁ።

"እንግዲህ መቼ ትመጪያለሽ?" አሉ ሐጂ ስልካቸውን እየነካኩ።

"ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልገኝም። ራሱ ይታደሳል።"

ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ።

"አንቺስ? ሥራሽስ?"

"እኔማ ደህና ነኝ ሐጂ። ሌላ ሥራ ይሰጡኛል።"

"በማርያም በይ።"

የቦርሳዬን ማንገቻ ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩ፤ ደህና ነበር፣ ግን አስተካከልኩት።

"ይመሽብኛል ሐጂ" አልኩና ወጣሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።