የአያ እንድሪስ ቀዷ

ሐቢባ ከባሏ እጅ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። አያ እንድሪስ መዳፎቹን ወደ ሰማይ ከፍቶ ዱዓ ከጀመረ ሩብ ሰዓት ሊሞላው ነው፤ የግራ እጁ ጣቶች ግን ነፋስ እንደነካው የሸምበቆ ጫፍ መርገብገብ ጀምረዋል።

በሐይቁ ዳር ድንኳን ተጥሏል። “ጤናማ እርጅና” የሚባለው የአረጋውያን ማኅበር አሥረኛ ዓመቱን የሚያከብርበት ቀን ነው። ከደሴ እንግዶች መጥተዋል፤ ከአምባሰል ገጠር ሳይቀር ሽማግሌውም አሮጊቱም ምርኩዙን እየተደገፈ ወርዷል። ከድንኳኑ ፊት በተሰቀለው ሸራ ላይ አያ እንድሪስ የዓሣ መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ ይስቃል። ከፎቶው ሥር “እርጅና በሽታ አይደለም፤ መድኃኒትዎን አያቋርጡ” ይላል። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከስኳር በሽታ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ማኅበሩ ሰው ሲመክር “እንደ አያ እንድሪስ ሁኑ” ነው የሚለው።

ሐቢባ የምታውቀውን ግን ማንም አያውቅም። አያ እንድሪስ ዛሬ ጾም ነው።

ረመዳን ላይ የማኅበሩ ነርስ ሲስተር ትሁን፣ “አባባ፣ እርስዎ አይጾሙም። ሼሁም ፈቅደዋል፤ ሚስኪን ያብሉ፣ ይበቃል” ብላው ነበር። እሺ ብሎ ሚስኪን አበላ። ልቡ ግን እሺ አላለም። “ቀዷ፣ የጾም ዕዳ፣ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ቀብር አልገባም” አለና ያልጾማቸውን ቀናት በየሐሙሱ በድብቅ ያወጣ ጀመር። ለማንም እንዳትናገር ሐቢባን በአላህ ስም አስማላት። እስከ ዛሬ ሌሊት ተነስቶ ሱሁር እየበላ፣ የስኳር ኪኒኑን እየዋጠ ተወጣው። ዛሬ ግን እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ የንጋት አዛን ሊባል ነው። እህል ለመቅመስ ጊዜ አልነበረም፤ ኪኒኑን ብቻ በአንድ ጉንጭ ውሃ ወረወረው።

“ምነው ሳትበላ?” ብትለው፣

“መድኃኒት አይቋረጥም ብለው የለ? እኔ ነኝኮ ሸራው ላይ ያለሁት” አላት።

አሁን ሰባት ሰዓት ሆኗል። የኅዳር ፀሐይ አናት ትበሳለች።

“ልጆቻችንን ከክፉ ዓይን፣ ከብታችንን ከበሽታ ጠብቅልን።”

“አሚን” አለ ድንኳኑ።

“የመጣውን እንግዳ በሰላም ወደ ቤቱ አግባልን።”

“አሚን።”

ከጎኗ የተቀመጠው ጎረቤታቸው ሙላት ነው። ክርስቲያን ነው፤ ለአያ እንድሪስ ዱዓ ግን እሱን ያህል ጮኾ አሚን የሚል የለም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለና፣ “ባልሽ እስከ ግሸን ያለውን ድንጋይ አንድ በአንድ ሳይመርቅ አይለቀንም” አላት።

“ሙላት፣ አስቁምልኝ።”

“ማንን?”

“እሱን። ላብ አጥምቆታል፣ አታይም?”

“ፀሐይ ነዋ። ደግሞስ ዱዓ ላይ ያለ ሰው ተው ይባላል? የተቋረጠ ምርቃት እርግማን እንደሚሆን ላንቺ ልንገርሽ?”

እሷም ታውቃለች። ሽማግሌ ሲመርቅ የተቀመጠ አይነሳም፣ የቆመ አይቀመጥም። ሲስተር ትሁን ከወዲያኛው ጥግ፣ የስኳር መለኪያዋን ካስቀመጠችበት ጠረጴዛ አጠገብ መዳፏን ዘርግታ አቀርቅራለች። እሷ ዘንድ ለመድረስ በወንዶቹ ሁሉ ፊት ማለፍ ያስፈልጋል። ደርሳስ ምን ልትላት ነው? መሐላው አለ። ደግሞ ነገ ሐይቅ ገበያ ላይ “ባለ ሸራው ሽማግሌ ሲያታልለን ኖሯል” ሲባል ባሏ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ታያት። ትንሽ ይጽና፣ አሁን ይጨርሳል፣ አለች በልቧ።

“የመጣውን እንግዳ በሰላም ወደ ቤቱ አግባልን” አለ አያ እንድሪስ።

“አሚን።”

“የመጣውን እንግዳ በሰላም...”

አንዳንዱ ፈገግ አለ። ሐቢባ ግን በአርባ ስምንት ዓመት ትዳራቸው ባሏ ዱዓ ላይ ቃል ሲደግም ሰምታ አታውቅም።

“የመጣውን...” አለ እንደገና። ምላሱ ተሳሰረ።

የዱዓ መውጫ በሩ አንድ ነው፤ የቁርኣኑ መክፈቻ ፋቲሓ። እሱንም የሚከፍተው መራቂው ራሱ ነው፣ ካልሆነም ከጎኑ ያለ ሽማግሌ። ሴት ስትከፍተው ታይቶ አይታወቅም።

“አል-ፋቲሓ” አለች ሐቢባ፣ ቆማ።

የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። ሽማግሌዎች ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ልማድ አሸነፈ፤ ከንፈሮች ተንቀሳቀሱ፣ ፋቲሓውን ቀርተው ጨረሱ፣ እጆች ፊትን አበሱ። የአያ እንድሪስ እጆችም ወደ ፊቱ ተነሱና መንገድ ላይ ቀሩ። ድምፁ ወደመጣበት ዞር አለ። ጉልበቱ ታጠፈ።

ረዳ የሚባለው የማኅበሩ ሊቀ መንበር በብብቱ ደግፎ መሬት ላይ አስቀመጠው። “እቴ ሐቢባ፣ ምን ነካሽ? ሰውዬውን አስደነገጥሽው!”

“ጾም ነው” አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። “ኪኒኑን ውጧል። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ባፉ አልዞረም።”

ትሁን ሮጣ ደረሰች። ጣቱን ወጋች፣ መለኪያዋን አየች፣ ፊቷ ተለዋወጠ። “ሠላሳ ስምንት። ስኳሩ ወድቋል። ለስላሳ አምጡ፣ ቶሎ።”

ከእንግዶቹ ጠረጴዛ ጠርሙስ መጣ። ከንፈሩ ላይ ስታደርግለት ጥርሱን ገጠመ።

“አባባ፣ ይጠጡ።”

“መግሪብ... ፀሐይ ትጥለቅ” አለ። “አምስት ሰዓት ነው የቀረው።”

“አምስት ሰዓት የለዎትም። አሁን ካልዋጡ ራስዎን ይስታሉ፤ ያኔ ባፍዎ ላጠጣዎት አልችልም።”

ራሱን ነቀነቀ። አንዱ ሼሁ ይጠሩ አለ፤ ሌላው መኪና ይምጣ አለ። ሐቢባ ተንበርክካ አገጩን ያዘች።

“ስማኝ እንድሪስ። ስትሞት የቀረውን ቀዷህን እኔ እጾምልሃለሁ፣ አንድ ቀን ሳላጎድል። ለሟች ይጾምለታል። ዛሬ ግን አልሞትክም። ጠጣ።”

“ምለሽልኝ...”

“አፈረስኩት። ለመሐላው ሦስት ቀን አለብኝ፤ እሱንም እጾማለሁ። ጾም የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ?”

ጉሮሮው ውስጥ ሳቅ የመሰለ ነገር ተንገራገጨ። ጥርሱ ተከፈተ። አንድ ጊዜ ዋጠ። ደገመ።

ትሁን ሩብ ሰዓት ጠብቃ እንደገና ለካች። “ሰባ አንድ” አለች፤ ትንፋሿ ወጣ።

የአሥር ዓመቱን ሪፖርት የምታነብበት ሰዓት ነበር። ወረቀቱን አላነሳችም። “ዛሬ ኪኒን ውጦ የጾመ ሌላ ሰው አለ? አልቆጣም” አለች።

ከዚያ ከኋላ አንዲት አሮጊት እጇን አወጣች። ሁለት ሽማግሌዎች ተከተሉ። ሙላት እጁን እስከ ትከሻው ብቻ አንስቶ፣ “የእኔ የደም ግፊት ነው፤ ደግሞም የነቢያት ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው” አለ። የሳቀ የለም። እጆቹ ግን መብዛታቸውን ቀጠሉ።

አያ እንድሪስ ያን አላየም። ሚስቱን ነበር የሚያየው።

“በዚህ ሁሉ ሰው ፊት” አላት፣ ቀስ ብሎ።

“አዎ” አለች፣ ጢሙ ላይ የፈሰሰውን ለስላሳ በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። “በዚህ ሁሉ ሰው ፊት።”