የተቆረጠው ትንፋሽ

ትንቢት የቪዲዮ ቅንብር ስትማር ቀድማ የለመደችው መቁረጥ ነበር። አስተማሪዋ አበባው ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው፤ ሙያውን ያስተማራት እየሠራም፣ እየተቆጣም ነው። "ቆረጥሽ ማለት አጠፋሽ ማለት አይደለም። ዋናው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጣል፤ አትፍሪ፣ ቁረጪ!" ይላታል። እሷም አልፈራችም። መቀስ ያገኘ ልጅ መጋረጃ አይምርም፤ የተንቀጠቀጠውን ምስል ቆረጠች፣ ሳሉን ቆረጠች፣ ሰው ዝም ያለበትንም ሁሉ ቆረጠች።

ለብቻዋ ያቀናበረችው የመጀመሪያው ሠርግ ይጁቤ ከተማ የተደገሰ ነበር። አበባው አየውና "አሁን እጅሽ ተፈታ" አላት። ደስታዋን አትጠይቁኝ።

ሙሽራዋ፣ የብርጓል፣ ፊልሙን ልትወስድ መጣች። በመጪው እሑድ አማቾቿ ቤት ዘመድ ተሰብስቦ ሊያየው ነው። ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አየችና ፊቷ ጠቆረ።

"አባቴ የመለሰው የት ገባ?"

"አባትሽ መቼ ተናገሩ?" አለች ትንቢት።

"ሽማግሌው 'መርቀው ሰጡን ወይ?' ሲሉት እሺ ብሏል እኮ!"

ትንቢት ቦታውን ከፍታ አሳየቻት። ሽማግሌው ይጠይቃሉ፤ ወዲያው እልልታው ይቀልጣል። አባትየው፣ አያ እንዳላማው፣ ምንም ሳይሉ ልጃቸው ተወሰደች።

"ባሌን 'አገሩን አላውቀውም' ብሎ ሽማግሌ ሲመልስ ከርሟል" አለች የብርጓል። "እኔንም አኩርፎ ቃል አልተነፈሰልኝም። ያን ዕለት ግን ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ። የአባቴ እሺታ ያቺው ናት፤ ሌላ የለኝም። አማቾቼ ይህን ሲያዩ 'ሳይወድ ነው የሰጠን' አይሉም?"

ትንቢት ክው አለች። እሷ ራሷ እናቷ በላከቻት ቁጥር ትንፋሿን ሳብ እያደረገች እሺ ትል የለም? "ትንፋሽ ንጹሕ ድምፅ ያበላሻል" የሚል ትምህርት ከኢንተርኔት አይታ፣ የአያ እንዳላማውን መልስ ከሳሉ ጋር ጠርጋ ጥላዋለች። አበባውም አይቶ አመስግኗታል፤ እሱም ጎጃሜ ነኝ ይላል! ሰው የገዛ ቋንቋውን እንዲህ ይረሳል። ትንቢት አፈረች።

ዋናውን ቅጂ ከፈተች። ትንፋሹ አለ። አምጥታ ከሽማግሌው ጥያቄ ሥር ቀጠለችው።

"እንዲህማ አልነበረም" አለች የብርጓል። "ይሄ ስቅታ ነው የሚመስለው።"

አበባው በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጥ ኖሯል። "ዝምታውንስ የት ጣልሽው?" አለ ቀስ ብሎ።

ዝምታውንም መለሰችው። አያ እንዳላማው መሬት መሬቱን ያያሉ። ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ። ሽማግሌው ይጠብቃሉ፤ ከበሮ መቺዋም እጇን ከበሮው ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ ትንቢት እሱንም ሳትቆርጥ ተወችው። አባትየው ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ትንፋሹ መጣ።

"አሁንስ ሆነልሽ?" ብላ ጠየቀች ትንቢት፣ ዓይኗን ከምስሉ ሳትነቅል።

ከኋላዋ ጸጥ አለ። ትንቢት አልቸኮለችም፤ ጠበቀች። የብርጓል እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና እንደ አባቷ ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

ትንቢት ሰማቻት፤ ፊልሙንም ፍላሽ ላይ ጫነችላት።