ተኝቶ ነው ያረፈው

«ተኝቶ ነው ያረፈው» አለች ጥሩብርሃን፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ትንሽ ውሃ ቀመሰ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ በቃ።»

ከመሪ መንደር ድረስ በእግራቸው የመጡት ሴትዮ ደረታቸውን ይዘው «ተመስገን፤ እሱስ ታድሏል» አሉ።

ለቀስተኛ ቁጭ እንዳለ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ እንዴት ሆነ? የሟች ቤተሰብም ከሀ እስከ ፐ ይናገራል፣ አዲስ ሰው ሲገባ እንደገና ይጀምራል። መሐል ላይ የሚጨመረውን ማንም ውሸት አይለውም፤ ማጽናናት ነው። ጥሩብርሃንም ሁለት ቀን ሙሉ አጽናናች። ባሏ ዱጋሳ ግን አልተኛም ነበር።

የካ ዳገቱ ላይ ያለችው ሁለት ክፍል ቤት በሰው ተጨናንቃለች። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ሁለት ዓመት ያለፋቸው የወንጌል አማኞች፣ የባልና ሚስቱ ወገኖች፣ አንድ ላይ ተቀምጠው ይዘምራሉ፤ ለቅሶ ስለሆነ የቀበሌ ሰው ምንም አይላቸውም። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ አቶ ኃይሉ «ዱጋሳ ሞቶም ሰበሰበን» ብለው ፈገግ ሊሉ ሲሞክሩ እንባ ቀደማቸው። ዱጋሳ ቢሰማ በሳቀ ነበር። የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነበር፣ ቀልድ የማያልቅበት፤ በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዶ ሳያስቅ ተመልሶ አያውቅም።

ካንሰር ይዞት አከርካሪው ውስጥ ከገባበት ወዲህ ቀልዱም አለቀ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሕመሙን ማስታገስ ብቻ ነው» ብሎ ስድስት ብልቃጥ ፔቲዲን የተባለ ማስታገሻ መርፌ ሰጣት። ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ ስለሆነች ቤት ውስጥ ራሷ ትወጋዋለች። ረቡዕ ጠዋት ዱጋሳ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጣት።

«ስድስቱንም በአንዴ ስጪኝ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል? ጥሩዬ፣ እኔ እኮ አልቄአለሁ። የቀረኝ ስቃይ ብቻ ነው።»

«ነፍስህን የሰጠህ እሱ ይውሰዳት። እኔ አልችልም።»

«ለሰው ስታዝኚ አይቼሻለሁ» አለ ዐይኑን ጨፍኖ። «ለኔ ሲሆን በጠብታ ሆነ።»

በሥርዓቱ ሰጠችው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። አርብ ማታ መድኃኒቱ አለቀ። ቅዳሜ የላከችበት ፋርማሲ ሁሉ የለም አለ። በዚያው ቀን እናቱ የልጃቸውን ስቃይ ማየት ቢያቅታቸው «ውሰድልኝ» ብለው ሊለምኑ እንጦጦ ራጉኤል ወጥተው ነበር። ሲመለሱ ተገንዞ ጠበቃቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ለቀስተኛው ሳይበዛ፣ እኚሁ አማቷ እማማ አገርነሽ ጓዳ ጠሯት። ነጠላቸውን አጣፍተው ለመንገድ ተነሥተዋል።

«ከነፍስ አባቴ ዘንድ ልሄድ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ረቡዕ ሲለምንሽ እዚሁ ጓዳ ሆኜ ሰምቼአለሁ። ባዶ ብልቃጦቹንም አይቻለሁ። ሦስት ወር እንቅልፍ ያልቀመሰ ልጅ እንዲያው በደህናው ተኝቶ አያርፍም።»

ጥሩብርሃን አፏን ስትከፍት እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ አሳረፍሽልኝ። ኃጢአቱን ግን አንቺ አትሸከሚውም፤ ገና ብዙ ዘመን አለሽ። እኔ ነኝ ያዘዝኳት ብዬ እናዘዛለሁ። ንስሐውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ዝም ብትል እኚህ ሴት ማንም ላልሠራው ኃጢአት በዚያ ጉልበታቸው ሲሰግዱ ሊኖሩ ነው። ብትናገር ደግሞ የልጃቸውን መልካም ሞት ልትነጥቃቸው ነው። ይህንን ሁሉ ያመጣው የገዛ አፏ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ «አሳረፍሽልኝ» ሲሏት ለአንድ አፍታ ደስ ብሏት ነበር። በዚህም አፈረች።

«እማማ፣ አልሰጠሁትም።»

«ለኔ አትደብቂኝ።»

«እምቢ አልኩት። ቀን በቀን ነው የጨረስኩት፤ ቅዳሜ እጄ ላይ ምንም አልነበረም። አልተኛም፣ እማማ። ድምፁ ስለተዘጋ ነው ጎረቤት ያልሰማው እንጂ ብርድ ልብስ ነክሶ ሲያቃስት ነው የዋለው። ደግ ሠርቼ እንደሆነ አላውቅም። ተነሥቶ ዛሬ ቢለምነኝም ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

እማማ አገርነሽ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከወዲያኛው ክፍል መዝሙሩ ይሰማል። ቁጣ ጠብቃ አጠገባቸው ተንበረከከች። እሳቸው ግን የጠየቋት ሌላ ነው።

«እኔን ጠራኝ?»

እዚህም ላይ መዋሸት ትችል ነበር።

«ጠርቶዎታል። እማዬ መጣች ወይ? እያለ በዚያው በተዘጋ ድምፁ ደጋግሞ ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

«መጨረሻ ላይ ዐይኑ ማየት ሲያቆም፣ መጥቻለሁ ልጄ አልኩት፣ ልክ እንደ እርስዎ አድርጌ። እጄን ያዘኝ። እርስዎን መስዬው ነው የያዘኝ። ከዚያ ብዙም አልቆየም።»

«የትኛውን እጅሽን?»

ቀኝ እጇን ዘረጋችላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት።

«ጥሩብርሃን፣ ሰው መጥቷል» አሉ አቶ ኃይሉ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው።

ልትነሣ ብትል እማማ አገርነሽ እጇን አልለቀቁላትም።